ለጀልባዋ ስም ስናወጣ

አሰላ ላይ ጀልባ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሠርቻለሁ። ውሃው ያለው ወደ ታች፣ ኦጎልቾን አልፎ፣ ዝዋይ ነው፤ እኛ ያለነው ጭላሎ ሥር፣ ክረምቱን ሙሉ ካፖርት የማይወልቅበት ብርድ ውስጥ። ሰው እንዲስቅብኝ ብዬ አልጀመርኩትም። ሰማዩ በጠራ ጠዋት ከቤታችን በላይ ካለው ዳገት ላይ ቆሜ ሐይቁን ሳይ ነው ያደግኩት፤ ከሩቅ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ብልጭ ይላል። አርባ ዓመት አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ግን ላዩ ላይ አልተቀመጥኩም። የብረታ ብረት መምህር ነኝ። የሰው ልጅ ብየዳ ሳስተምር ኖሬ ለራሴ አንድ ነገር በይጄ እንደማላውቅ ድንገት ትዝ ሲለኝ ተናደድኩ። በዚያው ሳምንት ጀመርኩ።

የሠራነው ሁለት ሆነን ነው። ሁለተኛው ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው ወዳጄ ነው፤ ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር ይጠግናል፣ በቀረው ጊዜ የውሃ ታንከርና የግቢ በር ይበይዳል። የአርሲ ልጅ ነው፣ እንደኔው ጀልባ ነክቶ አያውቅም፤ ውሃ የማያፈስ ነገር ሥራ ከተባለ ግን የሚደርስበት የለም። ስልኬ ላይ ያሉትን አፍንጫቸው የሾለ ነጫጭ ጀልባዎች ሳሳየው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አየና፣ ይሄ እኮ ላዩ የተቆረጠ ታንከር ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልፈራም።

ብየዳውን ስንጨርስ ታፈሳለች አታፈስም የሚለው ቀረን። ውሃ ላይ ልናስቀምጣት አንችልም፤ ስለዚህ ውሃውን እሷ ውስጥ አስቀመጥነው። ታንከር የሚፈተነው እንደዚያ ነው። ከሮቶው በጎማ ስበን እስከ አፏ ሞላናትና በደረታችን ተኝተን ሥር ሥሯን አየን። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ከደስታዬ ብዛት እዚያው እንደተኛሁ ጮህኩ። እኛ ገና ከመሬት ሳንነሳ አንድ ባለጋሪ መጥቶ ቆመ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ፈረሱን ፈታና ከጀልባዬ አጠጣው። ፈረሱም ጠጥቶ ጠጥቶ አፉን አራገፈብን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ስም አወጣላት፤ «ገንዳው» አሏት።

ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ጠዋት ጠዋት «ጋሼ፣ ገንዳው ደረሰ?» ይሉኝ ጀመር። ቶሎ የረባ ስም ካላገኘች ገንዳ ሆና መቅረቷ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ከስሙ በፊት ግን በመልኳ ተጣላን። ወዳጄ ከኮምባይነር የተረፈ ሁለት ጣሳ ቀይ ቀለም ነበረው፤ ዝገት አያውቀውም እያለ ስለዚያ ቀለም ሲያወራ ውሎ ያድራል። እኔ ነጭ አልኩ። የጠራነው ቀለም ቀቢ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ ጋሪና አይሱዙ ያስጌጠ ሰው ስለሆነ፣ ፊቷ ላይ ሽፋሽፍት ያላቸው ሁለት ዓይኖች፣ በጎኗ የመስታወት ስባሪ፣ ዙሪያዋን ቀይ ዘርፍ ካልተደረገ እጄን አላነሳም አለ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ብረት ዙሪያ ስንጯጯህ ባለቤቴ ደረሰች።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ከተረኛነቷ ወጥታ በዚያው ነበር የመጣችው። ማናችንንም አልሰማችም። ጀልባዋን ሁለት ጊዜ ዞረቻት፣ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወጣችና ቁጭ አለች። ወንበሮቹን በሙሉ ወደ ፊት አድርገን ነበር የበየድናቸው፣ እንደ አውቶቡስ አንዱ ከአንዱ ኋላ። «ይቺ ለመዝናናት ናት ወይስ ኢተያ ለመድረስ?» አለች። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ይሁኑ፣ ሰው ተያይቶ ይጫወት፤ ላይዋ ላይ ጥላ ይኑራት፤ ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ ይሁን፤ ቦርሳ የሚንጠለጠልበት አንድ ማንጠልጠያ አይጥፋ። ቀለም ቀቢው ዓይኖቹን ብቻ ተማጽኖ አስፈቀደ፣ ያውም ያለ ሽፋሽፍት። ወዳጄ ወንበሮቹን ሊቆርጥ መሣሪያውን ሲያነሳ፣ ባለቤቴን እህቴ ነው የሚላትና፣ «የእህቴ ቃል ነው ኮ» ብሎ ቀዩን ቀለም ራሱ ከፊታችን አነሳው። እኔም ልቤ በኩራት አበጠ፤ እንዴት ያለች ሴት ነው ያገባሁት አልኩ።

ስሙ ግን አልመጣ አለ። ወዳጄ በአባቱ ፈረስ ስም «ዳማ» ትባል አለ፤ ዳማ ማለት ቀላ ያለ ፈረስ ነው፣ ሰማያዊ ጀልባ እንዴት ዳማ ትሆናለች ብዬ ተከራከርኩት። ቀለም ቀቢው አይሱዙ ላይ የሚጽፋቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ደረደረልኝ። እኔ ራሴ በየደብተሩ ጥግ ሃያ ስም ጽፌ ሃያውንም ሰርዣለሁ። ባለቤቴን ስጠይቃት «ስም ማውጣት የኔ ድርሻ አይደለም» አለችኝ። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

በዚህ መሃል ቀለም ቀቢው ሐሙስ ለሥራ ወደ ዲክሲስ ስለሚሄድ ስሙን እስከዚያ ካላመጣችሁ ሳልጽፍላችሁ እሄዳለሁ ብሎ አስጠነቀቀን። ያኔ ነው ወዳጄ መላ የመታው። «እናንተ ቤት ሙሽራ ስትገባ አማት አይደለችም ስም የምታወጣላት? ይቺም ሙሽራ ናት ኮ። እናትህ ያውጡላት።»

ዘልዬ አቀፍኩት። እውነቱን ነው፣ የኛ ቤት ወግ ይሄ ነው። ምራት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች፣ ቤተ ዘመዱም በዚያ ስም ይጠራታል። እናቴ ራሷ መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ለቀበሌ ነው የሚያገለግለው፤ የአባቴ ወገን በሙሉ የሚያውቃት የአባቴ እናት በሠርጓ ማግሥት ባወጣችላት ስም ነው። በዚያ ስም ስትጠራ ዛሬም ቀና ብላ ነው የምትሄደው። እንዴት እስከ ዛሬ አልታሰበኝም እያልኩ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ምስር ትለቅማለች፣ ባለቤቴ አጠገቧ ሽንኩርት ትልጣለች። በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ ትንፋሼ ሳይሰበሰብ፣ «እማዬ፣ ምራት አምጥቼልሻለሁ፤ ስም አውጪላት» አልኩ። ስለ ጀልባዋ መሆኑንም አስከትዬ አስረዳሁ፣ ብቻዬን ሳቅኩ።

እናቴ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ባለቤቴ ቢላዋውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ ጓሮ ወጣች። «ለብረት?» አለች እናቴ፣ እኔን ሳይሆን ባለቤቴ የወጣችበትን በር እያየች።

ባለቤቴን ቧንቧው ጋ አገኘኋት። ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ፤ ለአንድ ቀልድ ይሄ ሁሉ ኩርፊያ ምንድን ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደመችኝ።

«ሰባት ዓመት በዚህ ቤት ኖሬያለሁ» አለች። «እናትህ አንድም ቀን ስም አላወጡልኝም። አንቺ ልጅ ነኝ፣ እስከ ዛሬ አንቺ ልጅ። የጀልባህ ቀለም ገና አልደረቀም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔና እሷ የተጋባነው ባሌ ሮቤ ተመድበን ስንሠራ ነው፤ እሷ ከጎጃም፣ እኔ ከአሰላ። ማዘጋጃ ቤት ፈረምን፣ ከምስክሮቻችን ጋር ጥብስ በላን፣ አለቀ። ሚዜ የለ፣ ምላሽ የለ። ወደ አሰላ ስዛወር አንድ ሻንጣ ይዘን ከአውቶቡስ ወረድን፣ እናቴም መናኸሪያ ድረስ መጥታ ሳመችን፣ እንደ ልጇም ያዘቻት። እኔ ሁሉም ነገር የተሟላ መስሎኝ ነበር። የጎደለውን ነገር እያንዳንዷ ቀን እያስታወሰቻት ሰባት ዓመት አጠገቤ ተኝታለች፣ እኔ ደግሞ ለብረት ስም ፍለጋ እንቅልፍ አጣሁ እላለሁ። በራሴ አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ይቅርታው ግን የምትፈልገውን ነገር እንደማይሰጣት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እናቴን ሄጄ ልጠይቃት ስል ደግሞ ክንዴን ያዘችኝ። በልመና የመጣ ስም አልፈልግም አለች።

ሐሙስ ቀለም ቀቢው ብሩሹን ይዞ ሲመጣ ጎኗን ባዶውን ተወው አልኩት። ስሙ ጠፋ እንዴ ብሎ አዘነልኝ፤ ዓይኖቹን ግን አሳምሮ ስሏቸው ሄደ።

እሑድ ጠዋት ጀልባዋን አይሱዙ ላይ ጫንናት። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ይገፋል፣ ይመክራል፣ ይስቃል፣ ልጆች ይጮሃሉ። ገመዱን አስረን ልንነሳ ስንል እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ፣ በእጇ የፌስታል ቋጠሮ ይዛ ከግቢ ወጣች። ውሃ የሚባል ነገር ትፈራለች፤ አዋሽን በአውቶቡስ ስትሻገር እንኳ ዓይኗን ትጨፍናለች። ወዴት ነው ስላት በሩን ከፍታ ጋቢና ገባች። ባለቤቴን ጠርታም አጠገቧ አስቀመጠቻት። እኔና ወዳጄ ከላይ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጠን ነው የሄድነው፣ ፊት ለፊት ተያይተን፣ ልክ ባለቤቴ እንዳዘዘችው።

የወረድነውን መንገድ መቼም አልረሳውም። የስንዴው ማሳ አለቀና ግራር ጀመረ፣ ካፖርታችንን አወለቅን፣ ቀጥሎ ሹራባችንን። ያ ከሩቅ ቆርቆሮ የሚመስለኝ ነገር ሰፋ፣ ሰፋ፣ ከዚያ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ወዳጄ «ይሄ ሁሉ ውሃ ነው?» አለኝ።

ዓሣ አስጋሪዎች ረድተውን ጀልባዋን አውርደን ውሃው ጫፍ አደረስናት። ልንገፋት እጃችንን ስናሳርፍ እናቴ «ቆዩ» አለች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ባለቤቴን ወደ እሷ ጠራቻት።

«ያን ዕለት ከአውቶቡስ ስትወርጂ አውጥቼልሽ ነበር» አለቻት። «የተማረች ናት፣ በስሟ ደመወዝ የምትፈርም፣ ደፍሬ ብለውጥባት ትከፋብኛለች ብዬ ዝም አልኩ። ይሄም ልጅ ስም አውጪላት አላለኝም። ለብረት ሲለኝ ጊዜ ነው አንቺን ያየሁሽ።»

ፌስታሉን ፈታችው። ባለ ጥለት ኩታ ነበር፣ አዲስ፣ መታጠፊያው ላይ ግን ሣጥን ውስጥ ከመቆየት ብዛት ቢጫ መስመር ሠርቶበታል። ባለቤቴ የእናቴን ጉልበት ሳመች፣ እናቴም ኩታውን አለበሰቻትና ስሟን በጆሮዋ ነገረቻት። ከዚያ ጮክ ብላ ለሁላችንም ነገረችን። ያን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የቤታችን ነው። ባለቤቴ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሰው የሞተብን መስሏቸው ራቅ ብለው ቆሙ።

ወዳጄ ብሩሽና ትንሽ ጣሳ ነጭ ቀለም በኪሱ ይዞ መጥቶ ኖሯል። አሁን ምን ይጠበቃል፣ ይሄንኑ ስም ጎኗ ላይ ልጻፈው አለ። ባለቤቴ በኩታው ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አይጻፍም» አለች። «ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ ለብረት አላካፍልም።»

እናቴ ያን ቀን የሳቀችውን ያህል ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ገፋናት። ጀልባዋ አሸዋውን ፍቃ፣ አንዴ ተንገዳግዳ፣ ቀጥ አለች። ተንሳፈፈች! በእጃችን የበየድነው ብረት፣ ፈረስ የጠጣበት ብረት፣ ውሃ ላይ ቆመ። እኔና ወዳጄ እስከ ወገባችን ገብተን ተቃቀፍን። አንዱ ዓሣ አስጋሪ ስሟ ማን ይባላል ብሎ ሲጠይቅ ወዳጄ ሳያስበው «ገንዳው» አለው፣ ሰውየውም ደህና ስም ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔም አልተናደድኩም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ገንዳው ናት።

ባለቤቴ ጀልባዋ ላይ ወጥታ ተቀምጣ ነበር። እናቴ ዳር ላይ ቆማ ውሃውን ታየዋለች። ጫማዋን አወለቀች፣ አንድ እግሯን አነሳች፣ ጠርዙን ያዘች፤ ጀልባዋ ትንሽ ስትወዛወዝ ደነገጠችና ጮኸች። የጠራችው እኔን ልጇን አልነበረም። ያንን አዲሱን ስም ነው የጠራችው፣ ዕድሜ ልኳን የለመደችው ይመስል።

ባለቤቴም ሁለተኛ አላስጠራቻትም። «አቤት እማዬ» ብላ እጇን ዘረጋችላት።