የእትዬ አሰፋች ጠጅ ቤት ምስክሮች

መምህር ፈለቀ ሰው ይንቃል። ልሳደብ ብዬ አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። አርባ ዓመት ሙሉ ታሪክ ያስተማረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ንብ ያረባል ወይ ቡናውን ይኮተኩታል። እሱ ግን ከጨለለቅቱ ከተማ ወረድ ብላ ባለችው መንደራችን መንገድ ዳር ይቆምና ባለ ሞተሩን በጥድፊያው፣ ቡና አጣቢዎቹን በሳቃቸው፣ ከዲላ የሚመጡትን ተማሪዎች በአማርኛቸው ይንቃል። "ይኼም ሰው ተብሎ!" ይላል። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሄዳል።

የእትዬ አሰፋችን ጠጅ ቤት ታሪክ ላጥና ብሎ የተነሳውም፣ ሰው ሁሉ ውሸታም መሆኑን ላሳይ ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ሆነና ዳር ዳሩን ያሉ ቤቶች እንዲፈርሱ ቀይ ቀለም ተቀቡ። አንዱ የእትዬ አሰፋች ነው፤ ቆርቆሮው የዛገ፣ ግድግዳው ያዘመመ፣ ጠጅ ከተጣለበት ሃያ ዓመት ያለፈው ቤት። እሳቸው ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ልጅም ዘመድም የላቸውም። ምትክ ቦታ ለማግኘት ቤቱ ከሠላሳ ዓመት በፊት የእሳቸው እንደነበረ ማስረዳት አለባቸው። ወረቀቱ መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ጠፍቷል። የቀበሌው ኮሚቴ፣ "እንግዲያው በዚያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የገቡ ሦስት ሰዎች ቀርበው ይመስክሩ፤ ከአጥር ውጭ ያየ አይቆጠርም" አለ።

ሦስት ሰው ብቻ! በገበያ ቀን መቀመጫ የሚጠፋበት ቤት እኮ ነበር! ግን መንደሩ ዛሬ ጌታን ተቀብሏል። የሚጠጣ የለም፤ ይሁን፣ ደግ ነገር ነው። የሚገርመው፣ ድሮም የጠጣ የለም። ገብቼ ነበር ያለ ሰው ምን ሊያደርግ ገባ ሊባል ነው? ጠጅ ቤት ገብቶ ውሃ የጠጣ አለ?

ምስክሮቹን እኔ አወጣቸዋለሁ ብሎ ፈለቀ አዲስ ደብተር ገዛ። ሽፋኑ ላይ "ታሪካዊ ጥናት" ብሎ በትልልቁ ጻፈና ወደ እትዬ አሰፋች ሄደ።

"ደንበኞችዎ እነማን ነበሩ?" አላቸው።

"የቤቴን ሰው ስም አላወጣም። ያኔ ሚስቶቻቸው በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱም አላወጣሁም" አሉትና ትክ ብለው አዩት።

ፈለቀ ዓይኑን ሰበረ። ለምን አይሰብር! በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጀማሪ መምህር ሆኖ ሲመጣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ታጥቶ አያውቅም። በክረምት ጭቃ ላይ ሲወድቅ አንስተው ጓዳ ያስተኙት፣ ጠዋት ሸሚዙን አጥበው ወደ ክፍል የሰደዱት እኚሁ ሴት ናቸው። ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱ ካሳነሽም ይህን አታውቅም። የሁሉን ታሪክ ሊጽፍ የተነሳው ሰው ይህቺን አንዲት ነገር ደብተሩ ላይ አላሰፈራትም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ነው።

ቀድሞ ቡና ነጋዴው ዳምጠው ዘንድ ሄደ። "ጠጅ ቤት? የት ጋ?" አለ ዳምጠው። የገዛ ቤቱ ከጠጅ ቤቱ ፊት ለፊት ነው እኮ! ጅግሶ የሚባል ሌላ አዛውንት ደግሞ፣ "እኔ በዚያ ሳልፍ አፍንጫዬን ይዤ ነበር" አለው። ሌሎቹም እንደዚያው። ፈለቀ በየማታው ደብተሩን እየወረወረ፣ "ትፍ! ይኼ ሕዝብ ለታሪክ አይሆንም" ይል ነበር።

እሑድ መጣ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከመዝሙር በኋላ ምስክርነት አለ፤ ጌታ ከምን እንዳወጣው ሰው ተነስቶ ይናገራል። ዳምጠው ተነሳ።

"ወገኖቼ፣ እኔ በአሰፋች ቤት ዘጠኝ ብርሌ ሳላወርድ የማልነሳ ሰው ነበርኩ! በጓዳው በኩል እየሾለኩ ስገባ ስወጣ ጌታ አወጣኝ!"

"ሃሌ ሉያ!" አለ ሕዝቡ።

ጅግሶ አልቻለም፤ ብድግ አለ። "ወንድሜ ዘጠኝ አለ። እኔ አሥራ አምስት!"

"ሃሌ ሉያ!"

ወይ ጉድ! በአዘቦት ቀን ቤቱን የማያውቁት ሰዎች እሑድ ሲሆን በኃጢአት ይፎካከራሉ። ፈለቀ ደብተሩን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር ከፍቶ የተባለውን ሁሉ ጻፈ።  ከዚያ በቀጥታ እትዬ አሰፋች ዘንድ ሄዶ ሁለቱን አገኘሁልዎ አላቸው።

"ሦስተኛውስ?" አሉ።

"አይጠፋም" አለና ወሬ ለወጠ።

ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ተሰበሰበ። የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል፤ ካሳነሽም ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። ፈለቀ የእሑዱን ቃል ሲያነብ ዳምጠው ቱግ አለ።

"ያ ለጌታ ክብር የተነገረ ነው! ቀበሌ ምን አገባው? ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ልጆቼ ሊያነቡት ነው?"

"እናንተ ግብዞች!" ብሎ ፈለቀ ጮኸ። "ቤቱን አናውቅም ትላላችሁ? በመሃሉ የጥድ ምሰሶ አልነበረም? የጓዳው መስኮት ወደ እንሰቱ አይከፈትም ነበር? ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ አንድ እግሩ አጭር ሆኖ ድንጋይ አልተደረገበትም?"

 ሰብሳቢው ብዕሩን አነሳ።

"መምህር፣ ይህን ሁሉ የሚያውቁት ገብተው ነው?"

ጅግሶ ጣልቃ ገባ። "እሱ ሽማግሌያችን ነው። እሱ ገብቻለሁ ካለ እኔም እላለሁ፤ ዳምጠውም ይላል። ይቅደመንና እንፈርማለን።"

ሦስት ሰው ሞላ ማለት ነው። ከፈለቀ የሚፈለገው አንዲት ቃል ብቻ ናት። ፈለቀ ካሳነሽን አያት። 

"እኔ… በጥናት ነው የደረስኩበት። ሰዎች ነገሩኝ።"

ሰብሳቢው ወደ እትዬ አሰፋች ዞረ። "መምህር ፈለቀ እርስዎ ቤት ገብተው ያውቃሉ?"

እሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ። አዎ ቢሉ ማንም ያምናቸዋል። ፈለቀን አላዩትም።

"አያውቅም" አሉ። "ሰው ነግሮት ነው።"

መዝገቡ ተዘጋ፤ ምትክ ቦታውም ቀረ።

ያን ሳምንት ፈለቀ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ እህልም አልበላ አለው። እሑድ ምስክርነት ሲደርስ ሳይጠሩት ተነሳ። ሦስት ዓመት በአሰፋች ቤት መክረሙን፣ ጭቃው ላይ መውደቁን፣ ሸሚዙን ሳይቀር ተናገረ። አለቀሰ። ከብርሌው ላይም አልቀነሰም፤ ሃያ አለ። ሕዝቡ ሃሌ ሉያ እያለ ቤተ ክርስቲያኑን አናጋው፤ ካሳነሽ በደስታ እልል አለች፤ ዳምጠውና ጅግሶ አቀፉት። ትልቅ ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀሎት ወጣ። በመንገዱ ላይ ያገኘውን ሁሉ፣ ባለ ሞተሩን እንኳ ሳይቀር፣ ፈገግ ብሎ ሰላም አለ። አይ ሰው!

ሰኞ ጠዋት ዶዘሩ መጣ። ፈለቀ ዕቃ ላግዝ ብሎ ሲደርስ እትዬ አሰፋች ጋኖቻቸውን እያንከባለሉ ወደ መንገድ ያወጣሉ። አንዱን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። አልሰጡትም።

"ትናንት ድምፅህ እዚህ ድረስ ተሰማ" አሉት። "ሐሙስ ጉሮሮህን አሞህ ኖሯል።"