ከባለቤቴ በኋላ የቀረው ድምፅ

ባለቤቴን አዳማ ውስጥ በመልኩ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ድምፁን ግን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ለሱቆች ማስታወቂያ እንቀዳ ነበር፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ አስተካክላለሁ። ሶፋ ሻጩም ጫማ ነጋዴውም ፍላሹን ይዞ ይመጣና፣ የወሰደውን ሱቁ በር ላይ ባቆመው ሞንታርቦ ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል። ባለቤቴ ሁሩታ ተወልዶ ስላደገ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሲሻገር አይታወቅበትም ነበር።

ድምፁ ሲሰልል መጀመሪያ ጉንፋን መስሎን ነበር። ዝንጅብልም ማርም ሞከርን። በኋላ አዲስ አበባ የመረመረው ሐኪም ማንቁርቱ ላይ ዕጢ እንዳለና ማንቁርቱ በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት ነገረን። "ድምፅህን ታጣለህ፤ ግን ትኖራለህ" አለው። ተስማማን። ከዚያ ወዲያ አንገቱ ላይ በተከፈተች ቀዳዳ እየተነፈሰ፣ እሷንም በስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ የሚለውን ሁሉ ስልኩ ላይ እየጻፈ ያሳየኝ ጀመር።

ደንበኞቻችን ሊጠይቁት መጡ። ፍላሻቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ተመለሱ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰው ድምፅ መሥራት እንደሚቻል የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። የዓመታት ቅጂዎቹ በእጄ ነበሩ፤ ግን ሳልነካቸው ፈቃዱን ጠየቅሁት።  ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ቅጂዎቹን ለማሽኑ ሰጠነው። "እንደምን ዋላችሁ፣ የአዳማ ሰዎች" ብዬ ጻፍኩለት። ድምፁ ከስፒከሩ ሲወጣ ባለቤቴ ተነሥቶ ወደ ግቢው ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ስልኩ ላይ "እኔ ነኝ። ግን አይተነፍስም" ብሎ ጻፈ።

ሥራውን እንድንጀምር ፈቀደ፤ ቃል ግን አስገባኝ። ደንበኛው የማሽን ድምፅ መሆኑን አውቆ ይውሰድ፣ ማስታወቂያው መጨረሻ ላይም ይነገር። እሱ ሰምቶ ያላሳለፈው ከቤት አይውጣ። "ስሞት ደግሞ አብሮኝ ይቅር" ብሎ ጻፈ። "እንዲህ አትበል" ስለው ስልኩን እንደገና ወደ ፊቴ አስጠጋው። እሺ አልኩት።

አንድ ቀን የተቀቀለ ሥራ ሥር መድኃኒት ነው ብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ከሻሸመኔ መጣ። ባለቤቴ እዚያው ተቀምጦ እያለ ለእኔ ብቻ ነው የሚያወራው።

"እህቴ፣ መታመሙን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። 'ጉሮሮዬን ታምሜ በዚህ መድኃኒት ዳንኩ' ቢልልኝ ማን ይጠራጠራል? ድምፁ እንደሆነ አለሽ።"

"እሱን ራሱን ጠይቀው" አልኩት።

ባለቤቴ ቀስ ብሎ ጻፈና ስልኩን ሰጠው። "ድኜ ቢሆን በአፌ እነግራቸው ነበር" ይላል። ሰውየው አነበበ፣ ባለቤቴ አንገት ላይ ያለውን ጨርቅ አየ፣ ሳይሰናበት ወጣ። ያን ቀን ባለቤቴ ምሳ አልቀመሰም። "አጠገቡ ተቀምጬ እንደሞተ ሰው አወራኝ" ብሎ ጻፈልኝ።

ክረምቱ ሲገባ በሽታው ተመለሰበት። መስከረም ሳይጠባ ሞተ።

ለቀብሩ ከሁሩታ የመጡት እናቱ እኔ ዘንድ ቆዩ። አንድ ጠዋት መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጠን ሳለ ከመንገድ ድምፁ መጣ። ሶፋ፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ኑ ገብታችሁ እዩ ይላል። እናቱ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። "ልጄ ነው" አሉ።

ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። የሶፋው ሱቅ ባለቤት በአባቴ ዕድሜ ያሉ የወሎ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ያጥፉልኝ" ስላቸው ወዲያው ገመዱን ነቀሉ። "ሰው እንዳይረሳው ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ። አላህ ይዘንለት" አሉኝ።

ስመለስ እናቱ በር ላይ ቆመው ነበር።

"አጠፋሽው?"

"አዎ፣ እማማ። እሱ አይደለም፤ ማሽን ነው።"

"ያሉትን ሁሉ ይናገራል?"

"የተጻፈለትን ይናገራል።"

ወደ ፍራሹ ስንመለስ አጠገቤ ተቀመጡ። "ኦፕራሲዮን ሊገባ ሲል ደውሎልኝ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ ያለውን አልሰማሁትም። 'እማዬ፣ ደህና ሁኚ' ይበለኝ። አንዴ ብቻ።"

ያስገባኝን ቃል ነገርኳቸው።

"ለሶፋ ነጋዴ የተናገረ ለእናቱ ይከልከል?" አሉ። ሳይቆጡ ነው ያሉት፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"የምጽፈው እኔ ነኝ እኮ፣ እማማ። የእሱ ቃል አይሆንም።"

"አንቺም ልጄ ነሽ። ጻፊልኝ።"

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። "እማዬ" ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። እሱ ሳይሰማው ከዚያ ክፍል የወጣ ነገር አልነበረም፤ ይህንን ማን ይስማልኝ? ደመሰስኩት። በምትኩ የድሮዎቹን፣ የራሱን ቅጂዎች ከፈትኩላቸው። ማስታወቂያውን ሳይሆን ቆርጬ ያስቀረኋቸውን ትርፍራፊዎች ነው፤ ሲስቅ፣ ሲሳሳት፣ "ቆይ ውኃ ልጠጣ" ሲል። አንዱ ላይ ስልክ ይጮኻል። "እማዬ ናት፣ አቁሚው" ይላል፤ ቅጂው እዚያ ላይ ያበቃል።

እናቱ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ። "ከዚያስ? ምን አለኝ?"

"አልተቀዳም፣ እማማ። አቁሚው ሲለኝ አቆምኩት።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው አለቀሱ። እኔም ጎናቸው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ግን የለመኑኝ ይህን እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደ ሁሩታ ከመሄዳቸው በፊት የማሽኑን ድምፅ እያዩኝ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት።  ትርፍራፊዎቹን ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው።

አሁን ማስታወቂያውን በራሴ ድምፅ እቀዳለሁ። ደንበኛው ሳስቷል። ብዙዎቹ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የማሽን ድምፅ ወደሚያዘጋጁላቸው ሄደዋል፤ አልፈርድባቸውም። ማታ ቤት ስገባ ዝምታው ይከብደኛል። ባላጠፋው ኖሮ እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ቃሌን አስቤ እተወዋለሁ።

ለሙት ዓመቱ ሁሩታ ስሄድ እማማ በለቀስተኛው መካከል እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ተቀይመውኝ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።