በእጅ የገባችው ጎል

የቀበሌያችን ቡድን የቀኝ ክንፍ አጥቂ የዋንጫዋን ጎል ያገባት በእጁ ነበር። ዳኛው አላየም። የቀበሌው ካድሬ ግን በማግስቱ ስብሰባ ጠርቶ ግለሂስ አድርግ አለው።

በደርግ ጊዜ አሰላ ውስጥ ጥፋቱን አብዝቶ የተናገረ ምሕረት ያገኛል ይባል ነበር። ምስኪኑ "ኳሷን በእጄ ነክቻለሁ" ማለት ሲበቃው፣ "ሰፊውን ሕዝብ አታልያለሁ" ብሎ ጨመረበት።

ቅጣቱ የአንድ ዓመት እገዳ ነው ተባለ። ከስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ግን ታጣቂዎች ወሰዱት። ዓመቱ አለቀ፤ እሱ አልመጣም። በእጅ ለተነካች ኳስ ሰው ይጠፋል?

ቦታውን የሚይዝ ተጫዋች ጠፋ። የጭላሎ ጭጋግ ሜዳውን ሲሸፍነው፣ ወደ ባዶው ቀኝ ክንፍ የለጋናት ኳስ ተመልሳ ትመጣልን ነበር። ማን መለሳት ብሎ የጠየቀ የለም።

ጎሏን ግን ማንም አልሻራትም። ዋንጫው ካድሬው ጠረጴዛ ላይ ነበር።