ቁልፍ ያለው የእርሳስ ሳጥን

በደርግ ጊዜ ወሎ ሰፈር አናጢ ነበርኩ። አንድ ቀን ለሰፈሩ አዲስ የሆነ መምህር መጣና ለክፍሉ የእርሳስ ሳጥን አዘዘኝ፤ ከላይ ክዳኑ የሚቆለፍ፣ ከታች በጠባብ ቀዳዳ እርሳሱ አንድ በአንድ የሚወጣ።

ለባለቤቴ ስነግራት «አንተ ሰውዬ፣ ለእርሳስ ቁልፍ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። እኔንም የከነከነኝ እሱው ነበር። ያን ጊዜ ቀዳዳና ቁልፍ ያለው ሳጥን የምናውቀው ቀበሌ በር ላይ ነው፤ ሰው ጎረቤቱን ለመጠቆም ጽፎ የሚከትበት። ልጆቹ ደግሞ አባቶቻቸው ቤት ውስጥ የሚያወሩትን ሊጽፉ ይሆን? እምቢ ብል የሚጻፈው የእኔው ስም ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያ በሚወጣ የዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ሠራሁለት፤ ግን ወለሉን ወደ ቀዳዳው በጣም አዘቀዘቅሁት። እርሳስ ይወርዳል፤ ወረቀት ቢከቱበት ተንሸራትቶ ይመለሳል።

መምህሩ ሊወስደው ሲመጣ ከኪሱ ያመጣውን እርሳስ ከላይ ከትቶ በቀዳዳው አወጣና ቀዳዳውን በጣቱ ዳሰሰ። «የልጅ እጅ አያስገባም አይደል? የፊተኛውን ሳጥን ጎርጉረው ጨረሱት።»

«አያስገባም» አልኩት። «ወረቀትም አያስገባም።»

ወደ በሩ ዞር ብሎ ማንም አለመኖሩን አረጋገጠና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንኳንም አላስገባ» አለኝ።