የጤነኞቹን ቤት ፍለጋ

የወንድሜ ልጅ ሰላማዊት የጤና ተማሪ ናት። ከወሰን ሰፈር በላይ፣ ተራራው ሥር ባለ መንደር ሕፃናት በተቅማጥ ታመው ስለነበር መንስኤውን ለመመረቂያዋ ታጠናለች። ትልቅ ሰው ካለ በር ይከፈታል ብላ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ሲግናል ሰፈር ካለው ቤቴ የወጣነው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ከመገናኛ እስከ ወሰን በታክሲ ሄድን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ ቀይ ጭቃ፣ ግራ ቀኙ ባሕር ዛፍ። ዳገቱ ላይ ሥራዋን አስረዳችኝ።

«አንዳንዱ ጥናት ታማሚና ጤነኛውን በአንድ ጊዜ ቆጥሮ ይመለሳል። አንዳንዱ ጤነኞችን ይዞ ዓመት ይከታተላል። እኔ ያን ያህል ጊዜ የለኝም። የታመመ ልጅ ያለበትን ቤትና የሌለበትን ቤት ስላለፈው ጠይቄ መልሳቸውን አነጻጽራለሁ።»

ሦስት ሰዓት

የታመሙት ልጆች ቤቶች ቶሎ ተጠይቀው አለቁ። ውሃ የሚቀዱት ከታችኛው ምንጭ ነው። ስለ ሕመሙ ግን እናቶቹ ሁሉ «የየሺ እርጎ ነው» አሉ። የሺ ባሏ የሞተባት፣ በአንዲት ላም የምትተዳደር ሴት ናት። ብዙዎቹ ደንበኞቿ ስለራቋት ላሟን ልትሸጥ ለዚያው ቀን ነጋዴ ቀጥራለች።

የጤነኞቹ ቤት ቀረን። በመጀመሪያው በር ላይ ሰላማዊት «እናንተ ቁጥጥር ናችሁ» አለች፤ ለንጽጽር የሚጠየቁትን ጤነኞች ለማለት ከእንግሊዝኛ መጽሐፏ የተረጎመችው ቃል ነው። ሴትየዋ በሩን ዘጋችው። ሁለተኛውም ተዘጋ። መንደሩ ያለ ፈቃድ የተሠራ ጨረቃ ቤት ነው፤ እዚያ «ቁጥጥር» ማለት ቤት አፍራሽ ማለት ነው። ወሬው ቀድሞን ዳገቱን ወጣ።

አንድ ጎልማሳ ከአጥሩ ውስጥ፣ «እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ቤት ማፍረስ ጀመሩ?» አለኝ።

«የራሴን አጥር መነቅነቅ አቅቶኛል፤ የሰው ቤት በየትኛው ጉልበቴ!»

ሚስቱ ከውስጥ ሳቀች። «ታዲያ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ልጆቻችሁ ስላልታመሙ» አልኳት፣ «ማነጻጸሪያ እንድትሆኑልን ነው። የታመሙት የበሉትን የጠጡትን ነግረውናል። እናንተስ?»

«እንዲህ አትሉም! የየሺን እርጎ እኛም እንጠጣለን። ውሃ ግን ከላይኛው ምንጭ ነው።»

ጎረቤቶቿንም እሷው ጠራችልን። መልሳቸው ከእሷ አልራቀም። ታችኛው ምንጭ ከብት የሚጠጣበት ነው።

ስምንት ሰዓት

የየሺ ግቢ ስንደርስ ነጋዴው የላሚቱን ገመድ ይዟል።

«እትዬ የሺ» አለች ሰላማዊት፣ «እርጎዎን ጠጥተው ያልታመሙ ብዙ ናቸው። ሥራዬ ገና አላለቀም፤ እስካሁን ያየሁት ግን ወደ ታችኛው ምንጭ ያመለክታል።»

«ይህን ለእናቶቹ ትነግሪልኛለሽ?»

«አሁኑኑ።»

የሺ ወደ ነጋዴው ዞረች። «ገመዱን ልቀቅ» አለችው።

ሲግናል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ሰላማዊት እግሯን ሳትታጠብ በየወረቀቱ ላይ «ቁጥጥር» የሚለውን መሰረዝ ጀመረች። እኔም ከዚያ መንገድ የተማርኩትን ልጻፍ። የታመመውን ብቻ የጠየቀ ሰው እርጎውን ጥፋተኛ አድርጎ ይመለሳል። የጤነኞቹ በር እንደተዘጋብን ብንመለስ ኖሮ፣ እኔ ራሴ በየሺ ላይ ፈርጄባት ነበር።