የሚዘጋ በር ያለው ችሎት

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የሰፈሬ ሰው ለቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርጎ መረጠኝ። ሕግ አልተማርኩም፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። የመረጡኝ ስብሰባ ላይ ስለምጮህ ይመስለኛል። ሁለቱ ባልደረቦቼ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ ቶሎ እናደዳለሁ፣ እነሱ ቶሎ ያስታርቃሉ።

የምናስችለው ከሀና ማርያም ወረድ ብሎ ባለው የቀበሌ ሱቅ ውስጥ ነበር። በአንድ በኩል እኛ፣ በሌላው በኩል ስኳርና ሳሙና። ስኳር የመጣ ቀን ሰልፈኛው ተከሳሹን ያርማል፣ በምስክሩ ያሾፋል፣ እኛን ሳይጠብቅ ይፈርዳል። ክርክሩ የዶሮ ወይም የቦይ ውሃ ሲሆን እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የማያስቀኝ የአንዲት ጎረቤቴ ነገር ነው። ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ወደ ጠረጴዛችን ትመጣለች፣ ዞራ ሰልፉን ታያለች፣ «ሌላ ቀን» ብላ ትመለሳለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት ሰብሳቢያችን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነው ልጄ፤ በይ እንጂ!» ይሏታል። ሰልፈኛውም «ተናገሪ! ተናገሪ!» ይላል። እንዲህ ተብሎ ማን ይናገራል?

አንድ የውጭ ድርጅት የፍርድ አሰጣጣቸውን ማሻሻል ለሚፈልጉ ቀበሌዎች ገንዘብ እንደሚሰጥ የሰማነው ያን ሰሞን ነው። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ። የጠየቅነው አንዲት ክፍል ብቻ ነው፣ በሯ የሚዘጋ። እንግዶች መጥተው ችሎቱ ሲሠራ ካዩ በኋላ እንደሚወስኑ ነገሩን።

ሽማግሌዎቼ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። «በእንግዳ ፊት ገመናችን ይውጣ?» አሉና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለጉዳዩን ሁሉ ሰብስበው አስታርቀው ጨረሱ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ሰኞ ጠዋት አንዲት ፈረንጅና አስተርጓሚዋ ሲመጡ የስኳር ሰልፍ እንጂ ከሳሽ የሚባል የለም።

«ባለጉዳዮቹ የታሉ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ታረቁ» አሉ ሰብሳቢያችን፣ ፊታቸው በርቶ።

«ምነው ጋሼ! ሰዎቹ የመጡት እኮ ችሎት ሊያዩ ነው!»

በንዴት ጦፌ፣ በቦይ ውሃ ሲካሰሱ የከረሙ ሁለት ጎረቤታሞችን ከሰልፉ ጎትቼ አመጣሁ። «ለዛሬ ብቻ ተጣሉልኝ» አልኳቸው።

«በሽማግሌ ፊት ተሳስመን ስናበቃ?» አለ አንዱ። ቢሆንም ለቀበሌው ሲል ቆመ። «ክቡራን ዳኞች፣ ይህ ሰው ውሃውን ወደ ግቢዬ ለቀቀብኝ» ብሎ ጀመረና ከንፈሩን ነከሰ። «ግን እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ኧረ የኔ ነው» አለ ተከሳሹ። «ቦዩን የደፈንኩት እኔ!»

«አንተ ምን በወጣህ!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ፈረንጇም ሳቀች፤ ግን እስክሪብቶዋን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። አስተርጓሚው «ደግ ሰዎች ናችሁ፤ ገንዘቡ ግን ችግር ላለበት ችሎት ነው» አለን። ክፍላችን ሄደች ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ያን ጊዜ ዝምተኛዋ ጎረቤቴ ፌስታሏን እንደያዘች ከሰልፉ ወጣች።

«እኔ ክስ አለኝ» አለች።

ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

«በይ ልጄ፣ ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢያችን።

«እዚህ አልናገርም።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ፈረንጇ ያንን ሁሉ የተሰገገ አንገት አየች፣ ጠረጴዛችንን አየች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን መልሳ አወጣች። ሰው ባይኖር ኖሮ ዘልዬ እስማት ነበር፤ ፈረንጇን ሳይሆን ጎረቤቴን።

ክፍሉ ክረምት ሳይገባ ተሠራ። መጀመሪያ የገባችው እሷ ነች። ብዙ ተናገረች። ሽማግሌዎቼ አቀርቅረው ሰሙ፣ አንድም ጊዜ «ታረቂ» አላሏትም። ፈረድንላት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ተደስቼ አላውቅም።

ስወጣ ሰልፈኛው ከበበኝ። «ምን አለች? ማንን ነው የከሰሰችው?» ምላሴ እንደማያርፍ ስለሚያውቁ ተስፋቸው ትልቅ ነበር።

«ስኳሩ ሳያልቅባችሁ ተሰለፉ» አልኳቸው።

እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አሉ። ለእናንተም አልነግራችሁም።