የጋሽ ተስፋይ ቢጫ ቀለም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ሳታውቀው አረፈች። የነፍስ አባቴ ስንት ጊዜ «ሌላስ?» ብለው ጠይቀውኝ፣ ስንት ጊዜ «ይኸው ነው አባቴ» ብያቸዋለሁ። ይህን የሚያነቡት እርስዎ አያውቁኝም፤ ለማያውቁኝ ሰው መናገር ስለሚቀል ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው።

መካኒክ ነበርኩ። ለንደን ውስጥ ባተርሲ፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ካሉት ጋራዦች በአንዱ፣ አንድ የመኪና ፋብሪካ በሚደግፈው የእሽቅድምድም ቡድን ውስጥ ሠርቻለሁ። የእኛ እሽቅድምድም ዙር የለውም። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን በቀጥተኛው መንገድ ይወነጨፋሉ። «አባታችን ሆይ» ብለው ቢጀምሩ፣ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ሳይደርሱ አልቋል። ለዚያች ቅጽበት ሳምንቱን ሙሉ ስንፈታና ስንገጥም እንከርማለን። ፋብሪካው ሞተሩን ይልክልናል፤ ስሙም በመኪናው ጎን ላይ በትልቁ ተጽፏል።

እዚያ ያስገቡኝ ጋሽ ተስፋይ ናቸው። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ ሙያውንም እዚያው የተማሩ ሰው ናቸው። እንግሊዞቹ መሣሪያ ሰክተው ያጡትን ብልሽት እሳቸው ጆሯቸውን ሰጥተው ያገኙታል። እንግሊዝኛዬ እንደ ሕፃን በነበረበት ጊዜ አለቃውን «ለዚህ ልጅ እኔ አለሁለት» አሉልኝ። በዚህ አገር እንዲህ ያለልኝ ሌላ ሰው የለም።

በቡድኑ አንድ ሕግ ነበር። ቡሎን ያጠበቀ መካኒክ ወዲያው በራሱ ቀለም ጭረት ያደርግበታል። የጋሽ ተስፋይ ቢጫ፣ የእኔ ነጭ ነው። ከውድድሩ በፊት አለቃው ይዞራል፤ ቀለም የሌለው ቡሎን ካየ መኪናው አይነሳም። በሌላ ሰው ቀለም መቀባት ማንም የማያደርገው ነገር ነበር።

እኔ አደረግሁት። የጋሽ ተስፋይ ዐይን እየደከመ እንደ ሄደ ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሳያጠብቁ ቡሎን ይዘሉ ጀመር። ታዲያ በእድሜ አባቴ የሚሆኑትን፣ እንጀራ ያበሉኝን ሰው፣ «አልታይዎ ብሏል» እንዴት ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ከኋላ እየዞርኩ የዘለሉትን አጠብቅና በራሳቸው ብሩሽ ቢጫ አደርግበት ነበር። አክብሮት ነው እል ነበር። አክብሮት ብቻ ነበር? እሳቸው ከተነሱ እኔን ማን ያስቀምጠኛል የሚል ፍርሃትም ነበረበት። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእሳቸው የተሻልኩ መሆኔ ደስ ይለኝ ነበር።

በአንዱ የውድድር ቀን አንድ የዘለሉት ቡሎን አገኘሁ፤ የመሪውን ዘንግ የሚይዘውን። ቡሎኑን የማጠብቅበት ኪያቬ አጠገቤ አልነበረም። ብሩሹ ግን በእጄ ነው። ጋሽ ተስፋይ እንዳይመጡብኝ ብዬ ቀለሙን አስቀድሜ ቀባሁና ኪያቬ ላመጣ ሄድኩ። መንገድ ላይ ዕቃ የሚጭኑትን እንዳግዝ ጠሩኝ። አገዝኩ። ረሳሁት።

አለቃው ዞረ፣ ቢጫውን አየ፣ አለፈ። ባልነካው ኖሮ፣ ያ ቀለም አልባ ቡሎን ራሱ ይናገር ነበር። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ኮሊን የሚባለው ነጂያችን መንገዱን ሳያጋምስ መሪው ከዳው፤ ግድግዳውን መታ። ሁለት እግሩ ተሰበረ። እስከ ዛሬ ያለ ከዘራ አይሄድም።

ከፋብሪካው የመጣው ሰው በማግስቱ ቡሎኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ጋሽ ተስፋይ አንስተው ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። ከዚያ «ቀለሙ የኔ ነው» አሉ። አጠገባቸው ቆሜአለሁ። በአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ቢጫ ቀለም ነበረ፤ አልለቅ ብሎኝ ነው። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ያደረግሁት ይህን ነው፤ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

አሰናበቷቸው። ፋብሪካውም ብዙ ሳይቆይ ድጋፉን አነሳ፤ ቡድኑ ፈረሰ። እኔ አውቶቡስ ጋራዥ ገብቼ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። እሳቸው ኪያቬ ዳግመኛ አልነኩም፤ ፊንስበሪ ፓርክ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ አረጁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እያደር ደፈረሰ።

አሁን ክላፋም ነው የሚኖሩት፤ ዐይናቸው ከብርሃን በቀር አይለይም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ለኮሊን ጧፍ ያበራሉ፤ ጧፉን የምገዛላቸው እኔ። ለነፍስ አባታቸው ተናዝዘው ቀኖና ተቀብለዋል፤ ከሌላው ጾም ሌላ ማክሰኞንም ይጾማሉ። በእኔ ኃጢአት ይህን ሁሉ ዓመት የጾሙት እሳቸው ናቸው። እኔ ማክሰኞ ምሳዬን እበላለሁ።

ባለፈው ወር ከፋብሪካው አንዲት ሴት ደወለችልኝ። የቡድኑን ታሪክ በመጽሐፍ ሊያወጡ ነው፤ ከጋሽ ተስፋይም መስማት ትፈልጋለች። ነገርኳቸው።

«እኔ የምልህን ጻፍልኝና ፖስት አድርግልኝ» አሉ።

«ምን ብዬ ልጻፍልዎ ጋሼ?»

«ቢጫው የኔ ነበር በል። ዐይኔ መድከሙን እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ኮሊን ይቅር በለኝ በል።»

ጻፍኩ። በእጄ፣ እሳቸው እየተናገሩ ጻፍኩ። አንብቤም አሰማኋቸው። ጣታቸውን ይዤ የሚፈርሙበት ላይ አሳረፍኩላቸው፤ ፈረሙ።

«ቀለል አለኝ» አሉኝ። «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። አንተ ባትኖር ማን ይጽፍልኝ ነበር?»

ደብዳቤውን ፖስት አላደረግሁም። ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ እጄን በደበቅሁበት በኩል። በእሱ ፈንታ ይህን ጻፍኩ፤ ለሴትየዋ እልከዋለሁ፣ ለኮሊንም። ከዚያ በፊት ግን የፊታችን እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለጋሽ ተስፋይ አነብብላቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ አልላቸውም። ሳልጨርስ ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ የማልጠይቃቸውም ለዚህ ነው። እርስዎንም አልጠይቅም።

ቡሎኑን የቀባሁት እኔ ነኝ። አላጠበቅሁትም።